የሳፋሪ ጉብኝት በአፍሪካ፦ ከወቅት መረጣ እስከ ሎጅ አዳር

ከአፍሪካ የዱር እንስሳት ፓርኮች ቅር ተሰኝተው የሚመለሱ ጎብኚዎች የግድ አንበሳ ሳያዩ የቀሩት አይደሉም። አንበሳውንም ነብሩንም አይተው፣ ነገር ግን የቀኑን ግማሽ በመንገድ ላይ አቧራ ሲቅሙ ያሳለፉ፣ ያረፉበት ሎጅ ከፓርኩ በር የሁለት ሰዓት መንገድ እንደሚርቅ የደረሱበት ምሽት ያወቁ፣ ወይም ብዙ መኪና በከበበው አንድ እንስሳ ዙሪያ የሞተር ጭስ ሲምጉ የዋሉም ቅር ይላቸዋል። በአንጻሩ ነብር ጨርሶ ሳያዩ፣ አንድ የዝሆን መንጋ ከወንዝ እየወጣ አሸዋ በላዩ ሲነሰንስ ለአንድ ሰዓት ያህል ቆመው በመመልከታቸው ብቻ ጉዞው ከጠበቁት በላይ የሆነላቸው አሉ። የሁለቱን ልዩነት ዕድል ብቻ አይወስነውም። አብዛኛው የሚወሰነው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት በሚደረጉ ጥቂት ምርጫዎች ሲሆን የቀረው መኪናው ውስጥ ባለ ትዕግሥት ላይ ያርፋል። ይህ መመሪያ ሁለቱንም በቅደም ተከተል ያስረዳል።

ወቅቱን ከቦታው አስቀድሞ መምረጥ

ብዙ ሰው በመጀመሪያ አገሩን ይመርጥና የእረፍት ቀኑ በፈቀደለት ወር ይሄዳል። የሚሻለው ግን ተቃራኒው ነው፤ የሚሄዱበት ወር ከታወቀ በኋላ በዚያ ወር የትኛው ፓርክ ምን እንደሚያሳይ መጠየቅ ይገባል። በደረቁ ወራት ሣሩ ያጥራል፣ ቁጥቋጦው ቅጠሉን ያራግፋል፣ ትንንሽ ኩሬዎች ይደርቃሉ፤ በዚህም ምክንያት እንስሳቱ ወደቀሩት ጥቂት የውኃ ቦታዎች ይሰበሰባሉ፣ ከሩቅም ይታያሉ። በዝናብ ወራት ውኃ በየቦታው ስለሚገኝ ይበተናሉ፣ ረጅሙ ሣር ይሰውራቸዋል፣ መንገዱም ጭቃ ይሆናል። እንዲህ ሲባል የዝናቡ ወቅት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ስደተኛ ወፎች የሚታዩት፣ ብዙዎቹ ሣር በል እንስሳት የሚወልዱት፣ ሎጆችም ዋጋቸውን ዝቅ የሚያደርጉት በዚህ ጊዜ ነው፤ ፎቶግራፍ ለሚያነሳ ሰውም ዝናብ ያጠበው ጥርት ያለ አየር በደረቁ ወራት የማይገኝ ነገር ነው።

የኢትዮጵያን ደጋ የአየር ሁኔታ በልቡ ይዞ ለሚያቅድ አንባቢ አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ በዚያ የዝናብ ወራት ቢሆኑም በደቡብ አፍሪካው ክሩገር ፓርክ፣ በቦትስዋና፣ በናሚቢያና በዛምቢያ ግን ደረቅና ቀዝቃዛ ወራት ናቸው፤ እንስሳት ለማየትም የተመቹ ናቸው። ቅዝቃዜው ግን የሚናቅ አይደለም። ጎህ ሲቀድ በክፍት መኪና ላይ የሚያገኝዎት ነፋስ ጓንትና የሱፍ ኮፍያ የሚጠይቅ ሲሆን፣ በአራት ሰዓት ገደማ ፀሐዩ ሲበረታ ደግሞ ልብስዎን አንድ በአንድ እያወለቁ ይሄዳሉ።

በታንዛኒያው ሴሬንጌቲና በኬንያው ማሳይ ማራ መካከል የሚካሄደው የዊልደቢስት (በመንጋ የሚኖር ትልቅ ሣር በል የዱር እንስሳ) ፍልሰት በተለይ የተሳሳተ ግምት የሚወሰድበት ጉዳይ ነው። ፍልሰቱ ዓመቱን ሙሉ የማይቋረጥ ዑደት ነው፤ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ዊልደቢስቶች በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩ የሜዳ አህዮችና ሚዳቋዎች ጋር ዝናቡ ያበቀለውን ሣር እየተከተሉ ይዞራሉ። በጥር ማብቂያና በየካቲት በደቡብ ሴሬንጌቲ፣ በንዱቱ አካባቢ ባለው አጭር ሣር ሜዳ ላይ ይወልዳሉ፤ የዚያ ሜዳ አፈር ከእሳተ ገሞራ አመድ የተገኘና በማዕድን የዳበረ በመሆኑ ለሚያጠቡ እናቶች የሚስማማ ግጦሽ ያበቅላል። ከዚያ ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን ይጓዙና ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት በማራ ወንዝ ዙሪያ ይቆያሉ። ወንዙን ሲሻገሩ ማየት የሚፈልግ ሰው መሻገሩ ቀጠሮ እንደሌለው አስቀድሞ ሊረዳ ይገባል። መንጋው አፋፉ ላይ ለሰዓታት ተሰብስቦ፣ የፊተኞቹ እግራቸውን ውኃ ውስጥ ነክረው፣ ከዚያ ለእኛ በማይገባን ምክንያት ሁሉም ዘወር ብለው ሊመለሱ ይችላሉ። ስለዚህ ለዚህ ጉዳይ አንድ ሌሊት ብቻ መያዝ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ለዕድል አሳልፎ መስጠት ነው፤ ቢያንስ ሦስት ወይም አራት ሌሊት በአንድ አካባቢ ማደር ያስፈልጋል። ፍልሰቱ ባለፈ ጊዜ ሴሬንጌቲ ባዶ ይሆናል የሚባለውም ትክክል አይደለም፤ ፓርኩ 14,763 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፣ አብዛኞቹ የአንበሳ መንጋዎችም የየራሳቸውን ክልል ይዘው የሚኖሩ በመሆናቸው ዊልደቢስቱን ተከትለው አይሄዱም።

በቦትስዋናው ኦካቫንጎ ደልታ ያለው ሁኔታ ከተለመደው ይለያል። ጎርፉ ወደ ደልታው የሚደርሰው በደረቁ ወራት ነው፤ ምክንያቱም በአንጎላ ደጋ የጣለው ዝናብ ያንን ሰፊ ሜዳ አቋርጦ እስኪመጣ ድረስ ወራት ይፈጅበታል። ስለሆነም ሞኮሮ በሚባለው ጠባብ ጀልባ በሸምበቆ መካከል ለመጓዝ የሚሻ ሰው ውኃው ሞልቶ የሚያገኘው ሰማዩ ከደመና በጠራበት፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ነው።

የቦታውን ሕግ ማወቅ

ሁለት አጎራባች ቦታዎች ተመሳሳይ እንስሳት እየኖሩባቸው፣ የሚፈቀደው ነገር በመለያየቱ ብቻ የጉብኝቱ ባሕርይ ፈጽሞ ሊለያይ ይችላል። በብዙዎቹ ብሔራዊ ፓርኮች ከተዘረጋው መንገድ መውጣት ክልክል ነው፣ ከጨለመ በኋላ በራስ መኪና መዘዋወር አይቻልም፣ ከመኪና መውረድም የሚፈቀደው በተለዩ ቦታዎች ብቻ ነው። በግል ጥብቅ ቦታዎች ግን እነዚህ ክልከላዎች ይላላሉ። በደቡብ አፍሪካ በክሩገር ብሔራዊ ፓርክና በምዕራብ በኩል በሚያዋስነው ሳቢ ሳንድ መካከል አጥር የለም፤ ዝሆኑም ነብሩም እንደ ልቡ ይመላለሳል። ሆኖም በሳቢ ሳንድ አስጎብኚው ነብሩን ተከትሎ ቁጥቋጦው ውስጥ መንዳት ሲችል፣ በክሩገር ያለው ጎብኚ መንገድ ላይ ቆሞ ነብሩ ብቅ እስኪልለት ይጠብቃል። በማሳይ ማራ ዙሪያም ኮንሰርቫንሲ የሚባሉ፣ የማሳይ ባለመሬቶች ለሎጆች የሚያከራዩዋቸው ሰፋፊ ቦታዎች አሉ፤ በእነዚህ የሚገቡት እዚያው ያረፉ እንግዶች ብቻ በመሆናቸው የመኪናው ቁጥር ያነሰ ነው፣ የሌሊት ጉብኝትና በእግር መጓዝም ይቻላል። ለውድ ሎጅ የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ ከአልጋውና ከምግቡ ይልቅ ለዚህ ነፃነት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህ ነፃነት የሌለው ሎጅ ያንኑ ያህል ሲያስከፍል ምክንያቱን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ይህ ማለት ግን መንግሥታዊው ፓርክ ሁለተኛ ደረጃ ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1926 ብሔራዊ ፓርክ የሆነውና ወደ 20,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ክሩገር፣ አስፋልትና ጥሩ የጠጠር መንገድ፣ ነዳጅ ማደያና ሱቅ ያላቸው እንደ ስኩኩዛ፣ ሳታራና ሎወር ሳቢ ያሉ የማረፊያ ካምፖች ስላሉት፣ ማንኛውም ሰው በተከራየው ተራ የቤት መኪና ራሱ እየነዳ ሊጎበኘው ይችላል። ገንዘቡ ውስን ለሆነና ልጆች ይዞ ለሚሄድ ቤተሰብ በአህጉሩ ከዚህ የተሻለ አማራጭ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ደንቡ ግን ጥብቅ ነው፦ የፍጥነት ወሰኑ በአስፋልት ላይ በሰዓት 50፣ በጠጠር መንገድ ላይ 40 ኪሎ ሜትር ነው፤ የካምፖቹ በር የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ሰዓት እንደ ወሩ ይለዋወጣል፤ ዘግይቶ የደረሰ ሰው ይቀጣል። በመንገድ ላይ ዝሆን ሊያቆምዎት እንደሚችል አስበው የመመለሻ ሰዓትዎን ሰፋ አድርገው ይያዙ። በተግባርም በወሰኑ ፍጥነት ከመንዳት በ25 ወይም በ30 መንዳት ብዙ ያሳያል፤ በጥላ ሥር የተኛ አንበሳ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለሚያልፍ ሰው ድንጋይ ነው።

በእግር መጓዝ ለሚፈልጉ የዛምቢያው ሳውዝ ሉዋንግዋ የታወቀ ነው፤ ጉዞው መሣሪያ ከታጠቀ ስካውትና ከሠለጠነ አስጎብኚ ጋር በረድፍ ይካሄዳል። በባሌ ተራሮች ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር በሚበልጠው የሳነቴ አምባ ላይ ቀይ ቀበሮ አይጥ ሲያድን በጠዋት ማየት ይቻላል፤ በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 እንኳ አይሞሉም፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም የሚኖሩት እዚያው ነው። በኡጋንዳና በሩዋንዳ ያለው የተራራ ጎሪላ ጉብኝት ከሁሉም የተለየ ዝግጅት ይፈልጋል። በአንድ ቀን አንድን የጎሪላ ቤተሰብ የሚጎበኙት ስምንት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ከእንስሳቱ ጋር የሚቆዩትም አንድ ሰዓት ነው፤ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይፈቀድለትም። ጎሪላዎች የሰው ጉንፋን ስለሚይዛቸው የታመመ ጎብኚ ይመለሳል። ሩዋንዳ ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለውጭ ጎብኚ የምታስከፍለው 1,500 ዶላር ነው፤ በኡጋንዳ ዋጋው ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ሲሆን በብዊንዲ ደን የእግር መንገዱ ገደላማና የሚያዳልጥ በመሆኑ ተሸካሚ መቅጠር ለጉልበትም ለአካባቢው ሰውም ይጠቅማል።

ከመክፈል በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በጽሑፍ መልስ ማግኘት ያለባቸው ጥቂት ጥያቄዎች አሉ። የመጀመሪያው የሎጁ ትክክለኛ ቦታ ነው፤ በፓርኩ ስም የሚጠራ ሎጅ ሁሉ ፓርኩ ውስጥ አይደለም፣ ከበሩ ውጭ ከሆነም ጎህ ሲቀድ ያለውን ምርጥ ሰዓት በመንገድና በወረፋ ያጠፋሉ። ይህ ጥያቄ ከመግቢያ ክፍያም ጋር የተያያዘ ነው። በማሳይ ማራ ለምሳሌ የውጭ ጎብኚ የቀን ክፍያ በፈረንጆቹ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ 100፣ በሁለተኛው አጋማሽ 200 ዶላር ሲሆን ትኬቱ የሚያገለግለው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ በሴሬንጌቲ ደግሞ ፈቃዱ ለ24 ሰዓት ነው። ማረፊያዎ ከውጭ ይሁን ከውስጥ፣ በስንት ሰዓት ገብተው በስንት ሰዓት እንደሚወጡ፣ የመጨረሻ ሒሳብዎን በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ሊለውጠው ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄ መኪናው ነው። ስንት ሰው እንደሚቀመጥበት፣ እያንዳንዱ ሰው የመስኮት ቦታ ይኑረው አይኑረው፣ ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር ይካፈሉ እንደሆነ ይጠይቁ። በምሥራቅ አፍሪካ የተለመደው ጣራው ወደ ላይ የሚከፈት ላንድክሩዘር ወይም ሚኒባስ ነው፤ በደቡባዊ አፍሪካ ሎጆች የተለመደው ዙሪያው ክፍት የሆነ ባለ ሦስት ረድፍ መኪና ነው። የወፍ ነገር የሚማርከው አንድ ሰው አንበሳ ብቻ ከሚሹ አምስት ሰዎች ጋር አንድ መኪና ላይ ቢወጣ ሁሉም ይከፋሉ፤ አቅም ከፈቀደ የሎጁን ደረጃ አንድ ዝቅ አድርጎ ለብቻ መኪና መክፈል የተሻለ ውሳኔ ነው። ልጆች ካሉ የዕድሜ ገደቡን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ብዙ ሎጆች ትንንሽ ልጆችን ክፍት መኪና ላይ አይቀበሉም።

ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ስህተት ግን መርሐ ግብሩን ማጨናነቅ ነው። በሰባት ቀን ውስጥ አራት ፓርክ የሚያሳይ ጉዞ በወረቀት ላይ ያማረ ይመስላል፤ በተግባር ግን በየቀኑ ከአምስት እስከ ሰባት ሰዓት መንገድ ላይ መቀመጥ ማለት ነው። ሁለት ፓርክ፣ በእያንዳንዱ ሦስት ሌሊት ማደር ይበቃል። በሦስተኛው ቀን አስጎብኚው ምን እንደሚወዱ ያውቃል፣ እርስዎም ትናንት ያዩት የአንበሳ መንጋ ዛሬ የት እንደተዛወረ መከታተል ይጀምራሉ።

ጤናና ሻንጣ

ቢጫ ወባ ካለበት አገር የሚነሳ መንገደኛ የክትባቱን ቢጫ ካርድ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ድንበር ላይ ይጠየቃል፤ ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት፣ አንድ ጊዜ የተወሰደም ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። አብዛኞቹ ታላላቅ ፓርኮች ወባ ባለበት ቆላ ስለሚገኙ የመከላከያ መድኃኒት ጉዳይ ከሐኪም ጋር መነጋገርን ይጠይቃል፤ መድኃኒቱ ከተመለሱ በኋላም ለተባለው ጊዜ መቀጠል አለበት፣ ከጉዞው በኋላ ትኩሳት ከመጣም የት እንደነበሩ ለሐኪሙ መናገር ያስፈልጋል። ነፍሰ ጡር ሴት ወይም ሕፃን አብሮ ከሆነ ወባ የሌለባቸውን የደቡብ አፍሪካ ቦታዎች፣ ማለትም ማዲክዌን፣ ፒላንስበርግን ወይም አዶን መምረጥ ይሻላል። የጉዞ መድን ሲገዙ በአውሮፕላን ወደ ሆስፒታል ማድረስን የሚያካትት መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከሎጁ እስከ ቅርቡ ሆስፒታል ያለው መንገድ ቀን ሙሉ ሊወስድ ይችላል።

ልብስ በካኪ፣ በአመድማና በደብዛዛ አረንጓዴ ቀለም ቢሆን ይመረጣል። ጥቁርና ደማቅ ሰማያዊ የቆላ ዝንብን ይስባሉ፤ ንክሻዋ ልብስ አልፎ የሚያም ነው። የወታደር ልብስ የሚመስል ዝንጉርጉር በበርካታ አገሮች ለሲቪል ሰው የተከለከለ በመሆኑ ጨርሶ አይያዝ። በታንዛኒያ ንጎሮንጎሮ የሚባለውን የእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ለማየት የሚሄድ ሰው ሎጆቹ ያሉበት አፋፍ ወደ 2,300 ሜትር ከፍታ እንዳለውና ሌሊቱ እንደሚበርድ፣ ከዚያም 600 ሜትር ያህል ወርዶ ሞቃት ሜዳ ላይ እንደሚውል ማወቅ አለበት። በትንንሽ አውሮፕላን ከሎጅ ወደ ሎጅ የሚጓዙ ከሆነ በምሥራቅ አፍሪካ የተለመደው የሻንጣ ወሰን 15 ኪሎ ግራም ነው፤ ሻንጣውም ጎማና ደረቅ ጠርዝ የሌለው፣ ሊታጠፍ የሚችል መሆን ይኖርበታል። የፌስታል ከረጢት በሩዋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ የተከለከለ ነው። ድሮንም ያለ ልዩ ፈቃድ አይፈቀድም።

ባይኖኩላር (ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር) ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ይሁን። ካሜራ ከሌለ ጉብኝቱ ይሳካል፤ ባይኖኩላር ከሌለ ግን ሳይታይ የሚያልፈው ብዙ ነው። አንድ ባይኖኩላር ለአራት ሰው መቀባበል ደግሞ እንስሳው እስኪገኝ ድረስ እርስ በርስ መጨቃጨቂያ ይሆናል።

መኪናው ውስጥ

የቀኑ ሥርዓት በሁሉም ቦታ ይመሳሰላል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ገደማ ይቀሰቅሱዎታል፣ ቡና ወይም ሻይ ከቀመሱ በኋላ ፀሐይ ስትወጣ መኪናው ይነሳል፤ ከሦስት ወይም ከአራት ሰዓት ጉዞ በኋላ ለቁርስና ለእረፍት ተመልሰው ወደ 10 ሰዓት ከቀትር በኋላ እንደገና ይወጣሉ። ይህን ሥርዓት የወሰኑት እንስሳቱ ናቸው፤ በቀትር ሙቀት አንበሳም ነብርም ጥላ ውስጥ ይተኛሉ። በጠዋት መነሳት የከበደው ሰው አንድ ቀን ሊቀር ይችላል፤ በየቀኑ የሚቀር ሰው ግን የከፈለበትን ዋና ነገር እየተወ ነው።

ከአስጎብኚው ጋር በመጀመሪያው ጠዋት፣ ሞተር ከመነሳቱ በፊት ይነጋገሩ። ከዚህ በፊት ምን እንዳዩ፣ ምን እንደሚማርክዎ፣ በተለይም አንድ ነገር ላይ ረጅም ጊዜ መቆየት የማይሰለችዎ መሆኑን ይንገሩት። አስጎብኚዎች ብዙውን ጊዜ ከእንስሳ ወደ እንስሳ የሚሮጡት ጎብኚው የሚፈልገው ዝርዝር መሙላት ነው ብለው ስለሚያምኑ ነው። አምስቱ ታላላቅ የሚባሉት አንበሳ፣ ነብር፣ ዝሆን፣ ጎሽና አውራሪስ ይህን ስም ያገኙት ከአዳኞች ነው፤ በእግር ለማደን አደገኞቹ እነሱ ስለነበሩ ነው። ለመመልከት ግን ከእነዚህ ያልተናነሱ ብዙ እንስሳት አሉ። የተኩላ (የአፍሪካ የዱር ውሻ) መንጋ ከእንቅልፉ ተነስቶ እርስ በርሱ ሲላላስና ለአደን ሲቀሰቀስ ያየ ሰው፣ ተኝቶ የዋለን አንበሳ ከዚህ ጋር አያወዳድረውም።

ከዚያ ምልክት ማንበብ መልመድ ነው። ኢምፓላ የሚባሉት ሚዳቋ መሰል እንስሳት መንጋ ግጦሹን ትቶ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ አፍጥጦ ቢቆምና በአፍንጫው ቢያንኮራፋ፣ በዚያ አቅጣጫ አንድ አዳኝ አለ። ጦጣ ዛፍ ጫፍ ላይ ሆኖ ያለማቋረጥ ሲጮህ ወደ ታች የሚያየውን ቦታ ይመልከቱ። ጥንብ አንሳዎች ዛፍ ላይ ሰፍረው ሳይወርዱ ከቆዩ ሬሳው አጠገብ ባለቤቱ ገና አለ ማለት ሊሆን ይችላል። ሞተር ጠፍቶ፣ ወሬ ቆሞ አምስት ደቂቃ መቀመጥ ከእነዚህ ብዙዎቹን ያሰማል። ይህን የሚያደርግ መኪና ግን እጅግ ጥቂት ነው፣ ለዚህም ነው አስጎብኚውን በግልጽ መጠየቅ የሚያስፈልገው።

ዝሆን ሲቀርብ ፊቱን ይመልከቱ። ጆሮውን በዝግታ እያወዛወዘ ሣር የሚነቅል ዝሆን ሰላም ነው። ቆም ብሎ ጆሮውን ከዘረጋ፣ ራሱን ከነቀነቀና አቧራ ከረገጠ ቦታ እንዲሰጠው እየጠየቀ ነው። በዓይኑና በጆሮው መካከል እንደ ቅባት የሚወርድ እርጥበት የሚታይበት፣ የኋላ እግሮቹም በሽንት የረጠቡ ትልቅ ወንድ ከሆነ በኮርማነት ስሜት ውስጥ ያለ ነው፤ ከዚህ ዓይነቱ ራቅ ማለት ይገባል። ራስዎ እየነዱ ከሆነ መኪናውን በመንጋውና በግልገሉ መካከል ፈጽሞ አያስገቡ፣ ማፈግፈጊያ ቦታ ሳይተዉም አይቁሙ። በክፍት መኪና ላይ ደግሞ መቆም፣ እጅ ማውጣትና መጮህ ክልክል ነው፤ አንበሳው መኪናውንና ሰዎቹን እንደ አንድ ነገር ስለሚያይ ሲሆን ከዚያ ቅርጽ ተለይቶ የተነሳ ሰው ግን ትኩረቱን ይስባል።

አቦሸማኔን በሚመለከት ልዩ ጥንቃቄ እለምናለሁ። አቦሸማኔ እንደ ነብር ጨለማን አትጠብቅም፤ በቀን ታድናለች፣ ስለዚህም መኪናዎች በሚርመሰመሱበት ሰዓት ግልገሎቿን ማብላት አለባት። በማሳይ ማራ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ የጎብኚ ብዛት ከፍተኛ በሆነባቸው አካባቢዎች አንዲት እናት ከአንድ ወሊድ ራሱን እስከሚችልበት ዕድሜ የምታደርሰው ግልገል በአማካይ 0.2 ሲሆን ጎብኚ በማይበዛባቸው ግን 2.3 መሆኑን አሳይቷል። ይህን ካወቁ በኋላ አስጎብኚውን "ትንሽ ጠጋ በልልን" ማለት ይከብዳል። አቦሸማኔዋ ወደ አደን እያዘገመች ከሆነ መኪናው ከፊቷ እንዳይዞር፣ ግልገሎቹ ብቻቸውን ከቀሩም ማንም እንዳይቆምባቸው ይጠይቁ። ብዙ መኪና ተሰብስቦ ካገኙ "ሌላ ቦታ እንሂድ፣ በኋላ እንመለሳለን" ማለት የጎብኚው መብት ነው፤ አስጎብኚውም ብዙ ጊዜ ይህን ቃል ሲሰማ እፎይ ይላል።

ለፎቶግራፍ የመኪና መስኮት ላይ የሚቀመጥ፣ ጥራጥሬ የተሞላ ትንሽ ከረጢት ከማንኛውም የካሜራ ማቆሚያ ይሻላል። የአውራሪስ ፎቶ ከሆነ ደግሞ የስልኩን የቦታ መመዝገቢያ ያጥፉ፣ የተነሳበትን ቦታም በማኅበራዊ ሚዲያ አይጻፉ፤ ቀንዱን የሚሹ አዳኞች ይህን መረጃ ይጠቀሙበታል።

በሎጅና በድንኳን አዳር

ብዙ ሎጆችና ካምፖች አጥር የላቸውም። ጉማሬ ቀን ወንዝ ውስጥ ውሎ ማታ ለግጦሽ ይወጣል፣ ከድንኳንዎ ፊት ያለውን ሣርም ይግጣል። ስለዚህ ከጨለመ በኋላ ከክፍል ወደ ምግብ አዳራሽ የሚወስድዎት ጠባቂ ይኖራል፤ "አሥር እርምጃ ናት" ብሎ ያለ እሱ መውጣት አይገባም። ሌሊት የሚያስፈራ ድምፅ ከሰሙ ድንኳኑ ውስጥ ይቆዩ፣ ዚፑ እስከ ታች መዘጋቱን ያረጋግጡ፤ የተዘጋ ድንኳንን እንስሳት እንደ ግድግዳ ያዩታል። ቀን ላይ ደግሞ የሚያስቸግሩት ዝንጀሮና ጦጣ ናቸው። መስኮት ክፍት አይተዉ፣ ምግብ ክፍል ውስጥ አያስቀምጡ፣ ፍራፍሬም አይስጧቸው፤ ከሰው እጅ መብላት የለመደ ዝንጀሮ አንድ ቀን ሰው ይነክሳል፣ መጨረሻውም መገደል ይሆናል።

ሩቅ ያሉ ካምፖች ኤሌክትሪክ የሚያገኙት ከፀሐይ ወይም ከጄኔሬተር ነው። ካሜራና ስልክ በየትኛው ሰዓትና የት እንደሚሞላ፣ ሙቅ ውኃ መቼ እንደሚገኝ በደረሱበት ሰዓት ይጠይቁ። ፀጉር ማድረቂያ አለመሥራቱ የሎጁ ጉድለት አይደለም። አጎበሩ የተቀደደ ከሆነ፣ የድንኳኑ ዚፕ ካልዘጋ ወይም የሌሊት መጥሪያው ካልሠራ ግን ይህ የደህንነት ጉዳይ ነውና እስከ ነገ ሳይባል ወዲያው እንዲስተካከል መጠየቅ አለበት።

በናሚቢያው ኤቶሻ ፓርክ በኦካውኩዌዮ፣ በሃላሊና በናሙቶኒ ካምፖች ውስጥ ሌሊት መብራት የሚበራባቸው የውኃ ቦታዎች አሉ፤ ጎብኚው ከዝቅተኛ አጥር ጀርባ ተቀምጦ ይመለከታል። እዚህ ያደረ ሰው እራት በልቶ በቀጥታ ወደ መኝታው ቢሄድ የፓርኩን ምርጥ ሰዓት ያጣል። በኦካውኩዌዮ ጥቁር አውራሪስ ከጨለማው ቀስ ብሎ ብቅ ይላል፣ የራሱን ጥላ ውኃው ላይ አይቶ ይቆማል፣ ዝሆን ሲመጣ ቦታውን ይለቅቃል ወይም አልለቅም ብሎ ይፋጠጣል። ወፍራም ልብስ ደርቦ፣ ስልክ አጥፍቶ፣ ድምፅ ሳያሰማ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት የሚቀመጥ ሰው በመኪና ሲዞር ከዋለው የበለጠ ሊያይ ይችላል። አጠገቡ ያሉት ቢያወሩ ግን እንስሳቱ ይሄዳሉ፤ በትሕትና ጸጥታ መጠየቅ ነውር የለውም።

የአካባቢውን ማኅበረሰብ መንደር ለመጎብኘት ከታሰበ ዋጋው ስንት እንደሆነና ገንዘቡ ለማን እንደሚደርስ አስቀድመው ይወቁ፤ የሰው ፎቶግራፍም ሳይጠየቅ አይነሳ።

ጉርሻና አስተያየት

ጉርሻ በብዙ ሎጆች የሚጠበቅ ቢሆንም መጠኑ እንደ አገሩና እንደ ሎጁ ይለያያል፤ ሎጁ ራሱ የሚመክረውን መጠን አስቀድሞ መጠየቅ ከግምት ያድናል። አብዛኛውን ጊዜ ለአስጎብኚው ለብቻ፣ ለወጥ ቤት፣ ለጽዳትና ለጥበቃ ሠራተኞች ደግሞ በጋራ ሣጥን ይሰጣል። ሌሊት ከክፍል ክፍል ያደረሰዎት ጠባቂ ከጋራ ሣጥኑ ድርሻ ይኑረው አይኑረው መጠየቅን አይርሱ።

ቅሬታ ካለ ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ ከመጻፍ እዚያው እያሉ ለሥራ አስኪያጁ መናገር ይሻላል፤ መኪና መቀየር፣ ክፍል ማዛወር፣ የነገውን መስመር ማስተካከል የሚቻለው በዚያን ጊዜ ብቻ ነው። ምስጋናም እንዲሁ በዝርዝር ይነገር። አስጎብኚው አቦሸማኔዋን ላለማስጨነቅ ወደ ኋላ ቆሞ ከነበረ፣ ሌላ መኪና ከመንገድ ሲወጣ እሱ ደንቡን ጠብቆ ከቀረ፣ ይህንኑ ስሙን ጠቅሰው በሎጁ መዝገብ ላይ ይጻፉ። ጎብኚዎች ቅርብ ሆነው ስላዩ ብቻ ጉርሻ በሚጨምሩበት ሥራ ላይ፣ በመራቁ የተመሰገነ አስጎብኚ ነገም እንዲሁ ለማድረግ በአሠሪው ፊት ማስረጃ ይኖረዋል።